በሰዓት 39 ብር የተከፈለን ትርፍ ሰዓት፦ ልዩነቱን ማስመለስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ከጥረዛ ክፍል (ታኅሣሥ 15)

ሰላም ለሁላችሁ።

የምሠራው ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ በሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት፣ ጥረዛ ክፍል ውስጥ ነው። አራት ዓመት ሆነኝ። የታተመውን ወረቀት ማጠፍ፣ በገጽ ቅደም ተከተሉ መሰብሰብ፣ መስፋት ወይም በሙጫ ማጣበቅ፣ ከዚያ ለመቁረጫው ማሽን ማቀበል የእኛ ድርሻ ነው። ደመወዜ በወር 9,360 ብር ነው። መደበኛ ሰዓታችን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን በመካከሉ የአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት አለን።

ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ክረምቱን ያውቀዋል። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ደብተሩ፣ ካላንደሩ፣ አጀንዳው፣ የትምህርት ቤት መጽሐፉ ሁሉም በአንድ ላይ ይመጣል፤ ሁሉም ደግሞ ለዘመን መለወጫ መድረስ አለበት። ዘንድሮ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንድንቆይ ተደረገ። እሑድም ሙሉ ቀን ገባን። ነሐሴ ላይ አጀንዳው ሲዘገይ ሁለት ቀን እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ቆይተናል። ሙጫው ጣቴ ላይ እየደረቀ ስለሚቀር ቤት ገብቼ በሞቀ ውኃ ነክሬ ነበር የምልጠው። የቡሄ ዋዜማ ልጄ እናቴ ዘንድ አመሸች። ስደርስ ተኝታለች፤ ከሙልሙሏ ግማሹን በጨርቅ ጠቅልላ ትራሴ ላይ አስቀምጣልኛለች።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ምሽትም ይሁን እሑድ ወይም ሌሊት ለአንዱ ትርፍ ሰዓት የሚታሰብልን 39 ብር ነው። ሒሳብ ክፍል ሄጄ ስጠይቅ፣ «ደመወዝሽ ለ30 ቀን፣ ከዚያ ለ8 ሰዓት ሲካፈል 39 ይመጣል፤ ሰዓት ሁሉ አንድ ነው» አሉኝ። በሦስተኛው ወር እንደገና ስጠይቅ፣ «ፔሮሉ ላይ ፈርመሽ ወስደሻል፤ ያለቀ ጉዳይ ነው» ተባልኩ። እውነትም በየወሩ ፈርሜአለሁ።

ሌላ ቦታ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ግን የምሽቱና የእሑዱ ክፍያ በሕግ የተለያየ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ከፈረምኩ በኋላ መጠየቅ እችል እንደሆነ ነው። ማስረጃ ቢባል ያለኝ ከልጄ ደብተር ጀርባ በእርሳስ የጻፍኩት ሰዓትና ፎርማኑ በቴሌግራም ቡድናችን የላካቸው መልእክቶች ናቸው። መልእክቶቹ «ዛሬ ጥረዛ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል»፣ «እሑድ ማንም እንዳይቀር» የሚሉ ናቸው። ከመስከረም ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል፤ ትርፍ ሰዓትም የለም። በክፍሉ 11 ሰዎች ነን፤ ሁሉም ተቆጥቷል፣ ሁሉም ደግሞ ሥራውን ይፈራል። እኔም እፈራለሁ። ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው።

መልስ፦ የሌሊት እንግዳ ተቀባይ የነበርኩ (ታኅሣሥ 16)

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቀን ቁጠሪ።

የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ሕጉ የሰጠው ጊዜ በማለፉ፣ ይታገዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለው ይህንን ነው። የሰኔ ትርፍ ሰዓትሽ ሰኔ 30 ከደመወዝሽ ጋር መከፈል ነበረበት፤ ስድስት ወሩ ታኅሣሥ 30 ይሞላል። ዛሬ 16 ነው። የሐምሌው እስከ ጥር መጨረሻ፣ የነሐሴው እስከ የካቲት መጨረሻ ጊዜ አለው። ይርጋው ለጠቅላላው ገንዘብ አንድ ጊዜ የሚቆጠር አይደለም፤ እያንዳንዱ ወር የየራሱ ቀን አለው። በየወሩ መጨረሻ አንድ ወር ከኋላ ይቆረጣል።

ይህን የምነግርሽ ከራሴ ኪሳራ ተምሬ ነው። ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 12 ሰዓት እወጣ ነበር፤ አሥር ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ሌሊት። በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት ትርፍ ነው፤ በሳምንት 12 ሰዓት። ለእሱ አንድ ሳንቲም አልተከፈለኝም። ከጥቅምት 2015 ጀምሮ እንዲህ ሠርቼ መጋቢት ላይ ሥራ አስኪያጁን ጠየቅሁ። «ከፋሲካ በኋላ እናስተካክላለን» አለኝ። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ አመንኩት። ፋሲካ አለፈ፣ እሱም ለቀቀ። አዲሱ ደግሞ «ክረምቱ ይውጣና» አለኝ። ጳጉሜን ስትገባ፣ ሰው ሁሉ ለበዓል ሲሯሯጥ እኔም ከበዓሉ በኋላ አደርገዋለሁ ብዬ አሳለፍኩት። ክሱን ያስገባሁት መስከረም 5 ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው አምስት ወር በይርጋ ቀረ። የየካቲቱን ያጣሁት በቀናት ልዩነት ነው። መጋቢት ላይ ቃል ሲገባልኝ በጽሑፍ ስጡኝ ብል ወይም ያን ጊዜውኑ ብከስ ኖሮ ሁሉም በእጄ ነበር።

ስለዚህ ይህንን ልብ በዪ። በቃል መጠየቅ ይርጋውን አያቋርጥም፤ ለድርጅቱ ደብዳቤ ማስገባትም ብቻውን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ክስ ሲመሠረት፣ ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሲቀርብ፣ ወይም አሠሪው ራሱ ዕዳውን በጽሑፍ ሲያምን ወይም ከፊሉን ሲከፍል ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው። ሕጉ ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ነው ይላል። አሠሪዎች ችሎት ላይ መጀመሪያ የሚይዙትም ይህችኑ ናት፤ «እኛ አላዘዝናትም፣ በራሷ ነው የቆየችው» ይላሉ። የፎርማኑ መልእክት ትእዛዙ ነው። ዛሬ ማታ ሳትተኚ እያንዳንዱን ከነቀኑና ከላኪው ስም ጋር ፎቶ አንሺው፤ ቡድኑ ነገ ሊሰረዝ ይችላል። አትመሽ ያዢ፤ ስልኩንም አትለውጪ።

ያው ሕግ ትርፍ ሰዓት ሲታዘዝ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሠራውን ሰዓት አሠሪው እንዲመዘግብ ግዴታ ጥሎበታል። እኔን ያዳነኝ የርክክብ መዝገቡ ነው። የቀኑ ተረኛ ለእኔ፣ እኔ ደግሞ ለቀኑ ተረኛ ስናስረክብ ሰዓት ጽፈን እንፈራረማለን። ድርጅቱ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው የሠራችው ብሎ ሲከራከር መዝገቡ እንዲቀርብ ትእዛዝ ይሰጥልኝ ብዬ አመለከትኩ። ቀረበ። ዳኛዋ ገጹን አንድ በአንድ ሲገልጡ አየሁት። የሻይ ብርጭቆ ክብ ያረፈበት ገጽ ነበር፤ የእኔ ብርጭቆ ነው፣ ሌሊቱንም አስታውሰዋለሁ። «ገቢ 2፡00፣ ወጪ 12፡00» ይላል፣ በእኔና በባልደረባዬ እጅ፣ በሁለት የተለያየ ቀለም። የድርጅቱ ጠበቃ ከዚያ በኋላ ስለ ሰዓቱ አልተናገረም።

በይርጋ ያልቀረው የስድስት ወሩ 312 ሰዓት ሆኖ 19,110 ብር ተፈረደልኝ። ለዳኝነት የከፈልኩት ገንዘብ የለም፤ ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። አራት ቀጠሮ ወስዷል። ጠበቃ አልነበረኝም። አቤቱታውን ፍርድ ቤቱ አካባቢ ካሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ጻፈልኝ፤ ሰንጠረዡን ግን ራሴ ነኝ የሠራሁት። ሰንጠረዡን ለሌላ ሰው አትስጪ፤ ዳኛው ስለ አንድ ቀን ሲጠይቁሽ መልስ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ (ታኅሣሥ 16)

ልጄ፣ ለሃያ ሁለት ዓመት ፔሮል ሠርቻለሁ። ይህችን 39 ብር ከየት እንዳመጧት አውቃለሁ። እኔም በወጣትነቴ ከአለቃዬ ተምሬ ለ240 (30 ቀን በ8 ሰዓት) አካፍዬ አውቃለሁ፤ የሰው ገንዘብ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ እስከ ዛሬም ይከነክነኛል።

ስህተቱ ሁለት ነው። አንደኛው አካፋዩ ላይ ነው። አንቺ በሳምንት 48 ሰዓት ትሠሪያለሽ፤ ሕጉ ለመደበኛ ሥራ ያስቀመጠው ጣሪያም ይኸው ነው። በዓመት 52 ሳምንት ስለሆነ 2,496 ሰዓት ይመጣል፤ ለ12 ወር ሲካፈል 208 ነው። ለ240 የሚያካፍል ሰው የማትሠሪበትን እሑድ እንደ ሥራ ቀን ቆጥሮ የሰዓትሽን ዋጋ አሳነሰው ማለት ነው። 9,360 ለ208 ሲካፈል 45 ብር ነው። መነሻሽ ይህ ነው።

ሁለተኛውና ትልቁ ስህተት ማባዣው ጭራሽ አለመኖሩ ነው። በአዋጁ አንቀጽ 68 መሠረት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓቱ ደመወዝ በአንድ ተኩል ይባዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በአንድ ነጥብ ሰባ አምስት፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል። በአንቺ ደመወዝ 67.50፣ 78.75፣ 90 እና 112.50 ብር ይሆናል። በዕድሜ ከገፉ ሰዎች «አንድ ሃያ አምስት» የሚል ብትሰሚ የድሮው የ1996ቱ አዋጅ ነው፤ ተሽሯል።

የነሐሴውን እንደ ጻፍሽው ላስላልሽ፤ አራት ሳምንት ብለን እንያዝ። በሳምንት ሦስት ምሽት አራት አራት ሰዓት፣ በድምሩ 48። እስከ ሌሊቱ 5 በቆያችሁባቸው ሁለት ቀናት ከ3 እስከ 4 ያለው ሁለት ሰዓት ሲጨመር 50 ይሆናል፤ በ67.50 ተባዝቶ 3,375 ብር። ከ4 እስከ 5 ያለው ሁለት ሰዓት በ78.75 ሲባዛ 157.50። አራት እሑድ ስምንት ስምንት ሰዓት 32 ነው፤ በ90 ሲባዛ 2,880። ጠቅላላው 6,412.50። የከፈሉሽ 84 ሰዓት በ39፣ ማለትም 3,276 ብር። ከነሐሴ ብቻ 3,136.50 ብር ቀርቶብሻል። ይህ ግብር ሳይቆረጥበት ነው፤ ትርፍ ሰዓት የገቢ ግብር ስላለበት እጅሽ ላይ የሚደርሰው ያንሳል። ክስሽ ላይ ግን ያልተቆረጠውን ጻፊ።

ስለ ፊርማው አትጨነቂ። አዋጁ ሠራተኛው በመዝገቡ ላይ የሰፈረውን ገንዘብ ሳይቃወም መቀበሉ ከሚገባው ደመወዝ የቀረውን እንደ ተወ አያስቆጥርበትም ይላል። እንዲያውም አሠሪው መዝገቡን የማሳየትና ስሌቱን የማስረዳት ግዴታ አለበት። ፊርማሽ ለአንቺ ይጠቅምሻል፤ 84 ሰዓት ብለው የከፈሉበት ፔሮል ካለ ሰዓቱን ራሳቸው አመኑ ማለት ነው። ክርክሩ የተመን ብቻ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ሒሳብ ነው። ፔሮሉ ላይ ትርፍ ሰዓቱ «ልዩ ልዩ አበል» ተብሎ እንዳይሆን ተመልከቺ። እንዲያ ከሆነ ሰዓቱ አይታይምና የበሩን ጥበቃ መዝገብ ትፈልጊያለሽ።

መልስ፦ የፈረቃ ኃላፊ (ታኅሣሥ 17)

በዚሁ አጋጣሚ ልጠይቅ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ዳቦ ቤት የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ «አንተ የሥራ መሪ ነህ፣ አዋጁ አይመለከትህም» ይለኛል። የፈረቃ አበል 500 ብር አለኝ። እኔስ መጠየቅ አልችልም?

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ (ታኅሣሥ 17)

ወንድሜ፣ አዋጁ የሥራ መሪን አይመለከትም፤ ያ እውነት ነው። የሥራ መሪ የሚባለው ግን በሕግ ወይም በተሰጠው ውክልና የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ችሎቱ የሚያየው ሥራህን ነው፤ የመጠሪያህ ነገር አይወስነውም። አንተ ዱቄት የምታስረክብና ተራ የምታወጣ ከሆነ፣ አንድ ሰው እንኳ በራስህ ፊርማ መቅጠር የማትችል ከሆነ፣ ሠራተኛ ነህ ብለህ ተከራከር። የሥራ ውልህንና የሥራ ዝርዝርህን ይዘህ ሂድ።

መልስ፦ ከጋራዥ (ታኅሣሥ 18)

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን እህታችን የጻፈችውን የመጨረሻውን መስመር ማንም አልመለሰላትም። ልጅ አላት። እኔ በምሠራበት ጋራዥ አንድ ቀጥቃጭ የትርፍ ሰዓት ጠይቆ በሁለተኛው ወር «ሥራ ቀንሷል» ተብሎ ወጣ። ሕጉን አልቃወምም። ግን ሰው ወደዚህ ሲገባ የቤት ኪራዩን አስቦ ይግባ።

መልስ፦ የሌሊት እንግዳ ተቀባይ የነበርኩ (ታኅሣሥ 18)

ወንድሜ፣ ልክ ነህ፤ መመለስ ነበረብኝ።

ሠራተኛ በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረቡ ወይም መክሰሱ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን አንቀጽ 26 በግልጽ ይናገራል። በዚህ ምክንያት የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራው እንዲመለስ መጠየቅ ይችላል፤ ግን በሦስት ወር ውስጥ መሆን አለበት። የጋራዡ ባልደረባህ ይህን አውቆት ቢሆን ምናልባት ዕድል ነበረው።

ሆኖም ወረቀት ላይ ያለው ጥበቃ የጠዋቱን ሰላምታ አያስተካክልም። ከሰስኩ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ከእኔ ጋር መነጋገር አቆመ፤ የዕረፍት ቀኔ ሳይነገረኝ ይቀየር ነበር። ውሳኔው ከወጣ በኋላ አምስት ወር ቆይቼ በፈቃዴ ለቀቅሁ። አሁን የምሠራው ሌላ ሆቴል ነው፤ ትርፍ ሰዓቴም በትክክል ይከፈለኛል። ባልከስ ኖሮ እዚያው እቀር ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ግን ቀላል ነበር አልልም።

እህቴ፣ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። እናንተ 11 ናችሁ። ሦስት ወይም አራት ሰው እንኳ በአንድ አቤቱታ ላይ ብትፈርሙ፣ የእያንዳንዳችሁ ሒሳብ በየስማችሁ ተለይቶ ከቀረበ፣ ነገሩ የአንዲት አስቸጋሪ ሴት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ለሴት ነፃ የሕግ ምክር ከፈለግሽ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ጠይቂ።

ጠያቂዋ፦ ከጥረዛ ክፍል (ታኅሣሥ 24)

የምስጋና ቃል አጣሁላችሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

በ16 ማታ መልእክቶቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳኋቸው፤ 41 ናቸው። በ19 ከአራት ባልደረቦቼ ጋር ለገሃር ሻይ ቤት ተቀምጠን ደብተሮቻችንን አስተያየን። አንዷ ምንም አልጻፈችም። ሦስቱ ግን እንደ እኔ በየቤታቸው ጽፈው ኖሯል፤ አንዱ በስልኩ ካላንደር፣ አንዷ በጸሎት መጽሐፏ ባዶ ገጽ ላይ። ቀድመን ሳንነጋገር ቀኖቹ ገጠሙ! ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ የእኔ ልዩነት 7,636.50 ብር ሆነ፤ አባቴ፣ በእርስዎ ስሌት ነው የሠራሁት።

በ20 አራታችን የፈረምንበት ደብዳቤ አስገባን። የድርጅቱ ጸሐፊ እኛ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይ አልፈርምም አለች፤ አልተጣላናትም፣ እሷም ሠራተኛ ናት። ከዚያው በእግር ወደ ዋናው ፖስታ ቤት ሄደን በአደራ ደብዳቤ ላክነው፤ ደረሰኙ አለኝ። የሰኔው ይርጋ እንዳያመልጠን በ23 የክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የጽሑፍ አቤቱታ አስገብተን ቁጥር ተሰጠን። አሠሪው ለጥር 6 ተጠርቷል።

ዛሬ ከሰዓት ባለቤቱ ራሱ ቢሮው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ገንዘብ በፖስታ ነበር። «3,000 ብር ውሰጂ፣ ሌሎቹም እንዲሁ ይወስዳሉ፤ እዚህ ላይ ፈርሚ» አለኝ። ወረቀቱ «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት የክፍያ ጥያቄ የለኝም» ይላል። አነበብኩት፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከባልደረቦቼ ጋር ልነጋገር ብዬ ወጣሁ። ምን ላድርግ? ደብተር ያልጻፈችዋ ባልደረባችንስ መብቷ ቀረ ማለት ነው?

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ (ታኅሣሥ 24)

ደግ አደረግሽ ልጄ። 3,000 ብሩን የሚሰጥሽ ከሆነ «ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካለው የትርፍ ሰዓት ልዩነት ላይ በከፊል የተከፈለ» ተብሎ ይጻፍ፤ ያኔ በደስታ ፈርሚ። እንዲህ ያለ ወረቀት ዕዳውን ማመን ነው፤ ይርጋውንም ያቋርጣል። «ጥያቄ የለኝም» የሚለውን ግን ሙሉውን 7,636.50 ሳትቆጥሪ አትፈርሚ።

መልስ፦ የሌሊት እንግዳ ተቀባይ የነበርኩ (ታኅሣሥ 25)

ባልደረባሽ ባለመጻፏ መብቷ አልቀረም። እሷም በዚያው ቡድን ውስጥ ነበረች፤ ፎርማኑ «ጥረዛ ይቆያል» ሲል እሷንም አዟል፤ ፔሮሉም በስሟ አለ። ዛሬውኑ አቤቱታው ላይ ስሟን አስጨምሩ፤ የእሷም ሰኔ ታኅሣሥ 30 ያበቃል። ፈርታ ካልገባች ደግሞ አታስገድዷት። ነገሩ ችሎት ከደረሰ ምስክር ልትሆናችሁ ትችላለች፤ እናንተም ለእሷ።

ጥር 6 ስትሄዱ ዋናውን ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ለማንም አትስጪ፣ ቅጂውን ብቻ ስጪ። የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ አሠሪውን ጠርቶ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ገንዘቡን የሚፈርድልሽ ግን የሥራ ክርክር ችሎቱ ነውና ካልተስማማችሁ እዚያው ቀን የጽሑፍ ውጤት ጠይቂ። እኔ በዚያ ቀን ጠዋት ከሥራ እወጣለሁ። ከፈለግሽ 2 ሰዓት ላይ ብሔራዊ ቴአትር በር ላይ እጠብቅሻለሁ፤ አብረን እንሂድ።

ጠያቂዋ፦ ከጥረዛ ክፍል (ታኅሣሥ 25)

ጠብቂኝ። አምስት ሆነን እንመጣለን፤ እሷም ፈርማለች።